ዘጠኝ ወይስ አሥራ አንድ

ጫጫ ላይ ብርድ ከሰው ቀድሞ ይነሣል። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ደብረ ብርሃን ለመድረስ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀር የምትገኘው ይህች የአንጎለላና ጠራ ወረዳ ከተማ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ሣሯን ውርጭ አልብሳ ታድራለች። የበጎቹ ትንፋሽ እንደ ጢስ ይታያል፤ የኩበቱ ጢስ ደግሞ ከጣራው ለቅቆ ለመሄድ የሚያመነታ ይመስላል። እንዲህ ባለ ጠዋት የብረት አውታር ያለው መሣሪያ በባዶ እጁ የሚያነሣ ሰው ወይ የሚያደርገውን አያውቅም፣ ወይ የሙዚቃ ሰው ነው።

በዚያ ዓርብ ጠዋት ኤሌክትሪክ ጊታሩን ከግድግዳው ላይ ያነሣው ሰው የዚያችው ከተማ ልጅ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ሌሊት ሌሊት ከዘፋኞች ኋላ ቆሞ ጊታር በመምታት የሚተዳደር፣ ጣቶቹ በፍጥነታቸው የተመሰገኑለት፣ ዕድሜው ከሠላሳ ያለፈ ሰው ነው። ወደ ትውልድ ከተማው የመጣው ለአንድ ምሽት ብቻ ነበር። የትምህርት ቤቱ የቀድሞ ተማሪዎች ቅዳሜ ማታ ባሰናዱት ዝግጅት ላይ አክስቱ እንዲዘፍኑ ተጠይቀው፣ እርሱም እንዲያጅባቸው ተጠርቶ ነው። ሻንጣው ውስጥ ሁለት ያልተከፈቱ የአውታር ፖስታዎች ነበሩ፤ በአንደኛው ላይ 9፣ በሌላኛው ላይ 11 የሚል ቁጥር ተጽፎባቸዋል።

ቁጥሩ ለማያውቀው ሰው የዋጋ ወይም የጫማ ቁጥር ይመስለዋል። ነገሩ ግን የውፍረት ልክ ነው። የጊታር አውታር ውፍረት በኢንች አንድ ሺሕኛ ይለካል፤ ከስድስቱ አውታሮች ውስጥ የቀጭኑ ልክ የመላው ስብስብ መጠሪያ ይሆናል። «ዘጠኝ» የሚባለው ስብስብ ከ9 ጀምሮ 42 ላይ ይጨርሳል፤ «አሥራ አንድ» የሚባለው ከ11 ጀምሮ 49 ላይ። በሚሊ ሜትር ሲታሰብ የሁለቱ ቀጫጭን አውታሮች ልዩነት 0.05 ነው፤ ይኸውም ከአንዲት ቀጭን የራስ ፀጉር የማይበልጥ። የዚህችን ፀጉር ያህል ልዩነት ዓይን አያያትም፤ ጣት ግን ወዲያው ያውቃታል። በተለመደው ቅኝት ዘጠኝ ቁጥሩ 6 ኪሎ ግራም ያህል ሲወጠር፣ አሥራ አንድ ቁጥሩ ወደ 9 ኪሎ ይጠጋል። በአንድ አውታር ላይ የ3 ኪሎ ልዩነት፣ አራት ሰዓት ሙሉ ቆሞ ለሚመታ ሰው የእጅ አንጓ ጉዳይ ነው።

ይህ ሁሉ የሚመራበትን ሕግ ፈረንሳዊው መነኩሴና የሒሳብ ሊቅ ማረን መርሰን እ.ኤ.አ. በ1636 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሮታል። አውታር ሲረዝም ድምፁ ይወርዳል፤ ሲወጠር ይወጣል፤ ሲከብድ ይወርዳል። ሦስቱ ጉዳዮች እንደ ሦስት ጉልቻ ናቸው፤ አንዱ ሲነካ ሌሎቹ ሳይስተካከሉ ድስቱ አይቆምም። የጊታሩ ርዝመት አንዴ በሠሪው ተወስኗል። ስለዚህ ለተጫዋቹ የሚቀሩለት ሁለት ምርጫዎች ብቻ ናቸው፤ ክብደቱና ውጥረቱ።

ጊታረኛው ከወጣትነቱ ጀምሮ የዘጠኝ ሰው ነበር። ምክንያትም ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በገበያ ላይ የነበሩት የኤሌክትሪክ ጊታር አውታሮች ወፋፍራም፣ ሦስተኛቸውም በሽቦ የተጠቀለለ ነበር፤ በጣት ገፍቶ ድምፁን ወደ ላይ ማንሣት ብርቱ ጉልበት ይጠይቃል። አንዳንድ ብልኅ የአሜሪካ ተጫዋቾች በአንደኛው አውታር ቦታ የባንጆ አውታር እያሠሩ፣ የቀሩትን አንድ አንድ ደረጃ ወደ ታች አዛውረው፣ የመጨረሻውን ወፍራም እየጣሉት ይገለገሉ ነበር። በካሊፎርኒያ የጊታር መደብር የነበረው ኤርኒ ቦል ይህን ተመልክቶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቀጫጭን ስብስቦችን በራሱ ስም ማሸጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ጊታር አለቀሰ፣ ጮኸ፣ አቃሰተ የሚባልለት ድምፅ ግማሹ የዚህ ቅጥነት ውጤት ነው።

ለኢትዮጵያዊ ጊታረኛ ደግሞ ቀጭን አውታር ከዚያም የበለጠ ትርጉም አለው። የመሰንቆ ድምፅ በደረጃ አይረግጥም፤ አንዲቱ የፈረስ ጭራ አውታር ላይ ጣት ይንሸራተታል፣ ድምፁም እንደ ሰው ጉሮሮ ይታጠፋል። የጊታር አንገት ግን በብረት ደረጃዎች የተከፋፈለ ነው፤ በደረጃና በደረጃ መካከል ያለውን ቦታ የሚያገኘው አውታሩን ወደ ጎን መግፋት የሚችል ጣት ብቻ ነው። ከአይቤክስ ባንድ እስከ ሮሃ ባንድ ጊታር የመታው፣ ኋላም የዘመናዊ ሙዚቃችንን ታሪክ ያጠናው ሰላም ስዩም ወልደማርያም በካሴቱ ዘመን ዘፋኞችን ሲያጅብ ያደመጠ ሁሉ፣ ጊታር ለዘፈን ስንኝ እንዴት መልስ እንደሚሰጥ ያስታውሳል። የጫጫው ልጅ ያደገው እነዚያን ካሴቶች በእርሳስ እያጠነጠነ ነው። የተጨበጨበለትም በዚሁ ነበር፤ በሦስተኛው አውታር ላይ አንዲቱን ድምፅ ገፍቶ ከፍ ያደርጋታል፣ እዚያም ያንቀጠቅጣታል፣ ቤቱ ይነሣል። በዘጠኝ ቁጥር ስብስብ ሦስተኛው አውታር ያልተጠቀለለ፣ ለጣት የሚታዘዝ ነውና።

የአሥራ አንዱ ፖስታ ከአንድ ዓመት በፊት በስሕተት የተገዛ ነው። ያውም የጥንቱ ዓይነት፣ ሦስተኛው አውታሩ የተጠቀለለ። በሻንጣው ኪስ ውስጥ ተረስቶ ጫጫ ድረስ መጣ።

አክስቱ በ1970ዎቹ የኪነት ቡድን ዘፋኝ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ቀበሌውም፣ ፋብሪካውም፣ ትምህርት ቤቱም የኪነት ቡድን ነበረው፤ ከዚያ መካከል ብዙው ተረስቷል፣ ጥቂቱ ደግሞ ባይረሳ የሚቆጭ ነበር። የእርሳቸው ድምፅ ከጥቂቱ ወገን ነው። ያለ ድምፅ ማጉያ የገበያ ቀን ሰው ጸጥ ያሰኙ እንደነበር የዕድሜ እኩዮቻቸው ዛሬም ይናገራሉ። ክራር መቺያቸው አውታር ሲበጠስበት ከብስክሌት ፍሬን ገመድ አንድ ክር ፈትቶ ይወጥር ነበር፤ «ውፍረቱ ልኩ ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ የሚጠየቀው አለ ወይ ነው» ይላሉ ሲያወሩት።

ሐሙስ ማታ በእርሳቸው ቤት ልምምድ ተደረገ። መዝሙር አይደለም፤ ከኪነቱ ቀደም ብሎም ኋላም ሲዘፍኑት የኖሩት፣ በትዝታ ቅኝት የሚዜም የአገር ዘፈን ነው። ጊታረኛው የአባባሉን ጠባይ አስቦ፣ አውታሮቹ ሳይነኩ በባዶአቸው እንዲያስተጋቡ አድርጎ አሰናድቶታል፤ ከታች እንደ በገና የሚያጉረመርም፣ ከላይ እንደ መሰንቆ የሚታጠፍ። አክስቱ የመጀመሪያውን ስንኝ አደመጡት፤ ሁለተኛውን ገቡበት፤ ዜማው ወደሚወጣበት ቦታ ሲደርሱ ግን ቆሙ። ጋቢያቸውን ወደ አንገታቸው ሳቡ።

«ብርዱ ነው» አሉ።

«ሻይ ይጠጡበት እትዬ፤ እንደገና እንጀምረዋለን።»

እንደገና ተጀመረ፤ እዚያው ቦታ ላይ ቆመ። ሦስተኛ ጊዜ አልተሞከረም። አክስቱ ስለ በግ ዋጋ ማውራት ጀመሩ።

ድምፅ በዕድሜ ይወርዳል፤ ይህ ነውር አይደለም። ነገር ግን ለአርባ ዓመት በአንድ ከፍታ የታወቀ ሰው «ዝቅ አድርግልኝ» ብሎ መለመን ይከብደዋል። ከዚህም የሚከፋው፣ ቅዳሜ ማታ ካልቻሉ ብርድ ያዘኝ ብለው ከቤት እንደሚቀሩ ከፊታቸው ይነበብ ነበር። ጊታረኛው ሌሊቱን ሲያሰላ አደረ። የሚያስፈልጋቸው ሦስት ግማሽ ድምፅ ወደ ታች መውረድ ነው፤ ከዚያ ያነሰው አይበቃም።

የሙያው ሰው ወዲያው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ጣቱን አዛውሮ በሌላ መነሻ ድምፅ ለምን አይመታውም? ይቻላል፤ ዘፈኑ ግን ይሞታል። የተሰናዳው በባዶ አውታሮች ማስተጋባት ላይ ነውና፣ ጣት በሁሉም ላይ ካረፈ ያ ጉርምርምታ የለም። በአንገቱ ላይ የሚታሰረው መቆንጠጫም ድምፅን ወደ ላይ ያወጣል እንጂ ወደ ታች አያወርድም። የቀረው መንገድ ጊታሩን ራሱን ማላላት ነው። ዓርብ ጠዋት፣ በውርጩ መካከል፣ ስድስቱንም ዘጠኝ ቁጥሮች ሦስት ግማሽ ድምፅ አወረዳቸው። ውጥረታቸው በሲሶ ያህል ቀነሰ፤ ቀጭኑ ከ6 ኪሎ ወደ 4 ኪሎ ገደማ ወረደ። ሲመቱ በብረት ደረጃዎቹ ላይ እየተንጫጩ ተጋጩ፤ ጣት ትንሽ ጠንከር ሲልባቸው ከቅኝታቸው ሸሹ። ከታች ይጠበቅ የነበረው የበገና ድምፅ የላላ የልብስ መስጫ ገመድ ድምፅ ሆነ።

ይህን መንጫጫት አክስቱ ከጓዳ ሰሙት። የዱቄት እጃቸውን በመቀነታቸው እየጠረጉ ወጡና ጊታሩን ለጥቂት ጊዜ ተመለከቱት።

«ይሄ አውታር ቀጥኗል» አሉ። «አባቴ ቢሆን ለዚህ ድምፅ ይሄን አይሰቅልም።»

አባታቸው በገና ደርዳሪ ነበሩ። በገና አሥር አውታር አለው፤ አሥሩም የሚሠሩት ከበግ አንጀት ነው፤ በዚህ በኩል የጫጫ ሰው ከማንም አያንስም፣ በግ ሞልቶታልና። አክስቱ ልጅ ሳሉ ሥራው የእርሳቸው ነበር። በግ ሲታረድ ቀጭኑ አንጀት ሳይቀዘቅዝ ይወጣል፤ ይጨመቃል፤ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፤ በቢላዋ ጀርባ ሥቡና ሥጋው እስኪለቅ ይፋቃል። ጉልበት የሚጠይቅ ሳይሆን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ቢላዋው ትንሽ ከጠነከረ ይቀደዳል፣ ከላላ ደግሞ ሥቡ ይቀርና ኋላ ይሸታል። ከዚያም እርጥቡ አንጀት ይከረራል። ለቀጭን አውታር ጥቂት ይበቃል፤ ለወፍራሙ ብዙ አንድ ላይ ይገመዳል። በሁለት ችካል መካከል ተወጥሮ ጥላ ውስጥ ይደርቃል፤ ፀሐይ ካገኘው ይሰነጠቃል። ጣት በላዩ ላይ ሲሄድ እባጭና ስስ ቦታ ከተገኘበት ለበገና አይሆንም፤ ለሌላ ማሠሪያ ይዋላል።

«ታዲያ ስንቱ እንደሚገመድ በምን ያውቁ ነበር?» ሲል ጠየቀ ጊታረኛው።

«በአፋቸው ነዋ። መጀመሪያ ያንጎራጉራሉ፤ ድምፃቸው ያን ዕለት የት እንደሚያርፍ ይሰሙታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ስንት ግመጂ የሚሉኝ። እያረጁ ሲሄዱ አንድ ጨምሪበት፣ አንድ ጨምሪበት ይሉኝ ነበር።»

ይህን ሲሉ እርሳቸው ስለ አባታቸው እንጂ ስለ ራሳቸው የሚናገሩ አይመስላቸውም። ጊታረኛውም እንዳልገባው ሆነ። በበገናው ነገር ግን ሌላም ያልተነገረ ቅሬታ ነበር። በገና የጸሎት መሣሪያ ነው፤ በተለይ በዐቢይ ጾም ሰው ለብቻው፣ ለነፍሱ የሚደረድረው። ልጃቸው የኪነት ቡድን ሲገቡ አባት አልከለከሉም፤ አንድ ቀንም ግን መጥተው አልሰሟቸውም። በዚያን ዘመን ዓለሙ አጋን የመሰሉ ደርዳሪዎች በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩት የነበረው የበገና ትምህርት ሳይቀር ተቋርጦ ነበር። የጫጫው ሽማግሌ በገናም በአንድ ጥግ ተሸፍኖ ከረመ። አንጀት ሳይነካ ሲቆይ ይደርቃል፤ አውታሮቹ አንድ በአንድ ተበጠሱ፤ የሚገምድላቸው ልጅም ልምምድ ላይ ነበረች።

ጊታረኛው የአሥራ አንዱን ፖስታ ከሻንጣው አወጣ። ወዲያው ግን አልቀደደውም።

በጊታረኞች መንደር ወፍራም አውታር የጀግንነት ምልክት ነው። የቴክሳሱ ስቲቪ ሬይ ቮን በ13 ቁጥር ይመታ እንደነበር እንደ ተረት ይነገራል፤ ጊታሩን ግማሽ ድምፅ አውርዶ ይቃኘው እንደነበር የሚጨምሩት ግን ጥቂቶች ናቸው። ይህ ፉክክር ከንቱ ነው፤ በቀጭን አውታር የሚገኘው የፍጥነት ኩራትም እንዲሁ። ከሁሉ ይልቅ ሊነገር የሚገባው የቶኒ አዮሚ ታሪክ ነው። ይህ የበርሚንግሃም ልጅ እ.ኤ.አ. በ1965፣ በ17 ዓመቱ፣ ቆርቆሮ ፋብሪካ ውስጥ ሲሠራ ማሽኑ አውታር የሚረግጥበትን እጁን የሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። የቀለጠ ፕላስቲክ በጣቶቹ ልክ አበጅቶ ቆብ ሠራላቸው፤ አውታሩንም በባንጆ አውታር አቀጠነ። ያም አልበቃ ሲለው እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው የብላክ ሳባዝ ሦስተኛ አልበም ላይ በአንዳንድ ዘፈኖች ጊታሩን ሦስት ግማሽ ድምፅ አወረደው። ከቁስሉ የመጣው ያ የወረደ ድምፅ ለብዙ ሺሕ ጊታረኞች መንገድ ሆነ። አዮሚ የወረደው ለገዛ ጣቶቹ ብሎ ነው። ጫጫ ላይ የሚጠየቀው ያንኑ ሦስት ግማሽ ድምፅ ለሌላ ሰው ጉሮሮ መውረድ ነበር።

ስሌቱስ ምን ይላል? አሥራ አንድ ቁጥሩ ሦስት ግማሽ ድምፅ ሲወርድ ውጥረቱ ከ9 ወደ 6 ኪሎ ከሩብ ገደማ ይመለሳል፤ ማለትም ዘጠኙ በቦታው ሳለ እጁ የለመደው ክብደት ማለት ይቻላል። የስድስቱ ድምር ሲታሰብም በሁለቱም በኩል ወደ 38 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ ስለዚህ የጊታሩ አንገት አይጎብጥም፣ በውስጡ ያለውን የብረት ዘንግ መነካካት አያሻም። ጣቱ አይጎዳም፣ መሣሪያው አይጎዳም። የሚከፈለው ዋጋ አንድ ብቻ ነው፤ ሦስተኛው አውታር። የተጠቀለለ አውታር ሲገፋ እንደ ባዶው ሽቦ አይታዘዝም፤ ሰውነቱ ይከብዳል፣ መንገዱ አጭር ነው። ያቺ ቤት የምታስነሣው ድምፅ አትኖርም ማለት ነው፤ ያውም በትውልድ ከተማው፣ አብረውት የተማሩ ሁሉ በተሰበሰቡበት ምሽት።

ፖስታው ከቀትር በኋላ ተቀደደ።

አውታር መለወጥ ከሩቅ እንደሚታየው ቀላል አይደለም፤ በተለይ ውፍረት ሲቀየር። በአንገቱ ጫፍ ላይ ያለችው አጥንት ስድስት ቦዮች አሏት፤ ለዘጠኝ የተቆረጠ ቦይ አሥራ አንድን አያስገባም። አውታሩ ከቦዩ በላይ ይቀመጣል፣ ሲቃኝም እየያዘ እየለቀቀ ይንቀጫቀጫል። ጊታረኛው ያለው መሣሪያ የአክስቱ ልጅ የጥፍር ሞረድና የድሮው ወፍራም አውታር ቁራጭ ነበር፤ ሸካራውን ጥቅል አውታር እንደ መጋዝ እየሳበ ቦዮቹን አሰፋ። ከዚያ በኋላ አዲስ ብረት የሚያደርገውን አደረገ፤ በተቃኘ በደቂቃው ወረደ። እየሳበ፣ እየቃኘ፣ እንደገና እየሳበ መሸበት። አክስቱ ቡና አፍልተው በዝምታ ይመለከቱት ነበር። የተነሡትን ዘጠኝ ቁጥሮች ከመሬት ለቅመው በጣታቸው ላይ እየጠቀለሉ «ይሄ እኮ አሁንም ደኅና ነው» አሉ።

«ደኅና ነው እትዬ፤ ለሌላ ዘፈን።»

ልምምድ አላደረጉም። ማናቸውም አልጠየቁም።

ቅዳሜ ማታ አዳራሹ ሞልቶ፣ ሰው ካፖርቱንና ጋቢውን ሳያወልቅ ተቀምጦ ነበር። መብራቱ ሁለት ጊዜ ጠፍቶ መጣ። አክስቱ ከመድረኩ ጠርዝ፣ ለመውጣት ለመቅረት ባልለየለት አቋቋም ቆመዋል። ጊታረኛው መግቢያውን ከመጀመሩ በፊት ስድስተኛውን አውታር ብቻውን፣ ቀስ ብሎ አንድ ጊዜ መታው። ከድምፅ ማጉያው የወጣው ወፍራምና ዝግ ያለ ጉርምርምታ የወለሉን ሳንቃ ነካው። አክስቱ አንገታቸውን ቀና አደረጉ፤ ለአንድ አፍታ የሚያዳምጡት እርሱን ይሁን ሌላ ሰው ያስታውቃል ለማለት አይቻልም። ጋቢያቸውን ከአንገታቸው አወረዱና ወደ መካከል መጡ።

ዜማው ወደሚወጣበት ቦታ ሲደርሱ አልቆሙም። ሁለተኛውን ዙር ዘልቀው ሦስተኛው ላይ፣ ጊታሩ መልስ በሚሰጥበት ክፍተት፣ የተጫዋቹ ጣት በልማዱ ሦስተኛውን አውታር ገፋው። አውታሩ ግማሽ መንገድ ሄዶ እንቢ አለ። ድምፁ እዚያው፣ ሳይደርስ፣ በአየር ላይ ቀረ። አክስቱ ዞር ሳይሉ ከዚያችው ከቀረችበት ተቀበሏትና ራሳቸው ወደ ላይ አወጧት፤ አዳራሹም ተነሣ።

እሑድ ጠዋት፣ በጎቹ ከመውጣታቸው በፊት፣ ጊታረኛው ሻንጣውን ይዞ ወደ መኪና መንገዱ ሲወጣ የግቢው በር መቀርቀሪያ ላይ አንድ የሚያብረቀርቅ ነገር አየ። ሲጎትተው የኖረው ልል ማጠፊያ በቀጭን ሽቦ ተደጋግሞ፣ እኩል በእኩል ተጠቅልሎ ታስሯል። የሽቦው ጫፍ ላይ የአውታሩ ትንሽ የነሐስ ቀለበት ነበረች።